እሺ ያልኩት ለጨዋነት ነው

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2014

ከበር መለሱኝ። ከነዋና ልብሴ፣ ከነፎጣዬ።

የጂሙ ልጅ ካርዴን ደጋግማ ስካን አደረገችው። "ኢንአክቲቭ ይላል" አለችኝ ማስኳን ወደ ላይ እየሳበች። ኢንሹራንሴ ከጃንዋሪ አንድ ጀምሮ ተቀይሯል፣ አዲሱ ደግሞ እነሱ ጋ አይሠራም። ማን ቀየረው? እሷ ምን ታውቃለች። እኔም እንደ ቂል "ኦኬ፣ ኦኬ፣ ታንክ ዩ" ብዬ ወጣሁ። ለምኑ ነው ያመሰገንኳት? መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። የንዴት ለቅሶ ነው እንጂ የሐዘን አይደለም።

ለሰው ብናገረው ይስቅብኛል፣ እዚህ ልጻፈው። እኔ መሬት ላይ አነክሳለሁ፣ ውሃ ውስጥ አላነክስም። የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ያለቀውን ዳሌዬን በብረት ከቀየሩልኝ ወዲህ ሐኪሙ "ውሃ ውስጥ ተራመጂ፣ ካቆምሽ ይደርቃል" ብሎኛል። የሽማግሌዎቹ ኢንሹራንስ ጂሙንም ስለሚሸፍን ሳልከፍል ስመላለስ ቆየሁ። ደረጃዬን የምወጣው በዚያ ውሃ ነው። መኝታዬም መታጠቢያዬም ፎቅ ላይ ናቸው። ደረጃው ያቃተኝ ቀን ልጄ ሊና ከዚህ ቤት ታወጣኛለች። ከሰፈሬ ከክሊንተንቪል መውጣት አልፈልግም። ባሌ የሞተው እዚህ ነው፣ እኔም እዚሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 26

ሊና ከሥራ ስትመለስ መጥታ ኢንሹራንሱ ጋ ደወለች። ስፒከር ላይ አደረገችው። ኖቬምበር ላይ እኔው ራሴ ፈቅጄ ፕላን ቀይሬያለሁ ተባለ። እኔ!

ኖቬምበር ላይ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ቲቪ ላይ ስለ ጥርስ ሲወራ አይቼ ደውዬ መጠየቅ ነው። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ እንግሊዝኛዬ ሲያስቸግራት አማርኛ አስተርጓሚ አስገባችልኝ። ወጣት ልጅ ነው፣ ድምፁ ማር። "እናቴ፣ እንደምን አሉ? ብርዱ እንዴት ይዞዎታል?" አለኝ። እሷ ስትናገር እሱ ሲተረጉም ብዙ ቆየን። ጥርስ አለ፣ መነጽር አለ፣ ጂምም አለ። መርቄው ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ፖስታ ሁሉ ማስታወቂያ ነው ብዬ ጣልኩት።

አዲሱ ፕላን ጂም አለው፣ አልዋሹም። ገንዳ ያለው ጂም ግን የለውም። ካልተመቸዎት ቤት የሚሠሩበት ዕቃ እንልካለን አሉ። ምንድን ነው ዕቃው? የሚለጠጥ ላስቲክ! ብረት የገባበት ዳሌ በላስቲክ ሊቆም ነው።

"ማም፣ ዲድ ዩ ሴይ የስ?" አለችኝ ሊና። አላልኩም አልኳት። ማልኩላት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 27

የኖቬምበሩን ንግግር ቀድተውታል። ሊና ስትጨቀጭቃቸው አሰሙን።

የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ልጁ አንድ ነገር ይላል፣ እኔ "እሺ።" ሌላ ይላል፣ "እሺ የኔ ልጅ።" ደግሞ ሌላ፣ "እሺ፣ ተባረክ።" በየመሃሉ የእሱ እንግሊዝኛ፦ "የስ። ሺ ሴድ የስ።" ለመቀየር ፈቅደዋል ወይ የምትለዋ ጥያቄ ከጥርስና ከመነጽሩ መሃል ገብታ አለፈች። እኔም እንደ ሌላው ሁሉ እሺ ብዬ አሳለፍኳት።

ሰው ሲያናግርሽ ዝም ይባላል እንዴ? እሺ ማለት እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል ማለት ነው። "እሺ ይበልጣል ከሺ" እያሉ አይደል ያሳደጉን። ልጁ ይህን ያጣዋል? አማርኛው ጥርት ያለ ነው፣ ከእኔም ይሻላል። ያውቃል። ግን የሚፈለገው "የስ" ነበር፣ አገኘ፣ አቀበላቸው። እናቴ እያለ ሸጠኝ። አንዳንዴ ምን ያድርግ፣ እሱም እንጀራው ነው እላለሁ። ወዲያው ደግሞ መልሼ እቃጠላለሁ።

ዳሌዬ ዛሬ ሲጠዘጥዘኝ ዋለ። ደረጃው መሃል ቆሜ ትንፋሽ ስሰበስብ ሊና ከታች ታየኝ ነበር። ደረጃዎቹን በዓይኗ ትቆጥራለች። ያ አስተያየቷ ቢቀርብኝ እመርጥ ነበር።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 28

ጠዋት በር ተንኳኳ። ደልደል ያለ ፈረንጅ፣ ጫማው ላይ በረዶ። ሊና ልካው ቤቱን ሊያይ የመጣ ሪልተር፣ ቤት አሻሻጭ ነው። የማንን ቤት? የእኔን! በረዶውን ምንጣፌ ላይ አራግፎ ወጥ ቤቴን፣ ጣሪያዬን፣ ደረጃዬን አየ። "ቢዩቲፉል" አለ። አስወጣሁት።

ሊና ጋ ደወልኩ፣ ጮህኩባት። እሷም ጮኸችብኝ። "ዩ ሴድ ኦኬ፣ ማም! በጋ ላይ፣ ፖርቹ ላይ፣ እኔ ጋ ነይ ስልሽ እሺ አልሽ!"

አልኩ እንዴ? አልኩ መሰለኝ። "እሺ፣ እናያለን" ብያለሁ። አማርኛ ለሚያውቅ ሰው "እሺ፣ እናያለን" ማለት በቁሙ አይሆንም ማለት ነው። ልጅቷ ግን ቤዝመንቷን፣ በጓሮ በኩል ያለ ደረጃ የሚገባበትን ምድር ቤት፣ አሳድሳ፣ ሻወር አስገብታ ጨርሳለች። ግድግዳውን እኔ በምወደው ቀለም አስቀብታለች። ይሄን ስትነግረኝ ድምፅዋ ተሰበረ። ንዴቴ የት እንደሚሄድ ጠፋው።

አማርኛ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቃሉን አስተማርኳት፣ ተንኮሉን ግን አላስተማርኳትም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 29፣ ገና

ቅዳሴውን አብዛኛውን ተቀምጬ አስቀደስኩ። አምና እቆም ነበር። መቅደሱ ፊት የተቀመጡት አሮጊቶች ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፣ እንደ ጓደኛቸው። ተናደድኩባቸው፣ ምን አደረጉኝ?

ቤት ገብቼ ትንሽ ካሸለብኩ በኋላ የድሮው ኢንሹራንስ ጋ ብቻዬን ደወልኩ። ገና ለፈረንጅ የሥራ ቀን ነው። አስተርጓሚዋ ሴት ናት። ገና ስንጀምር "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እሺ አይበሉኝ፤ አዎ ወይም አይ ይበሉኝ" አለችኝ። ይህች ልጅ ስንት አሮጊት አይታለች!

"ወደ ቀድሞው ፕላን መመለስ ይፈልጋሉ?"

"አዎ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አዎ አልኩሽ እኮ!"

ተሳካ። የሚሠራው ግን ከፌብሩዋሪ አንድ ጀምሮ ነው። እስከዚያ ውሃ የለም። እስከዚያ ዳሌዬ ይጠብቀኝ ይሆን?

ሊና ማታ ዶሮ ይዛ መጣች። በዓል ነው፣ ስለ ቤቱ ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። ስትሄድ ግንባሬን ሳመችኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 30

ዛሬ ደወልኩላት። ሌሊቱን ንግግሬን ስሰካካ ነው ያደርኩት፦ ልፋትሽን አውቃለሁ፣ ቤዝመንትሽ ያምራል፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ግን። ይህን ሁሉ ብዬላት ቢሆን ኖሮ መሃል ላይ እሺ ብዬ እገኝ ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ።

ስለዚህ በእንግሊዝኛ አልኩት። "ሊና፣ ኖ። አይ ዋንት ቱ ስቴይ ሂር። ኖ።"

ልጄን አይ ስላት ይህ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ተቆጥቼያት አውቃለሁ፣ ገርፌያትም አውቃለሁ፤ አይ ብዬ ዝም ማለትን ግን አላውቅበትም። ላብራራ፣ ይቅርታ ልጠይቅ አፌ ድረስ መጣ፣ ዋጥኩት።

ልጆቿ ከኋላ ሲንጫጩ ይሰማኛል።

ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ "እሺ፣ ማሚ" አለችኝና ዘጋች።

የትኛው እሺ እንደሆነ አላወቅኩም።