ለእፀገነት የመጡ የሰማይ ሽማግሎች

ይድረስ በሰማይ ጦር ግንባር ላለው ለወንድሜ ለይታየው፤

ማንኮራፋትህ ከጨረቃ ማዶ እስከ መንደራችን ዘመሮ ድረስ ስለሚሰማ በሕይወት መኖርህን አውቃለሁ። እኛ ክብሩ ይስፋ ደህና ነን።

እህታችን እፀገነት አንተ ከምትዋጋቸው የሰማይ ሰዎች ከአንዱ ጋር ተዋዳለች፤ ሳትናደድ አንብብ። ልጁ ሽማግሌ ላከ። በገብሱ መሐል ሲመጡ ዛላው ሁሉ አበራ። አባዬ ሊያሳፍሯቸው «እስቲ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩ!» አሉ። በእያንዳንዱ ስም አንድ ኮከብ በጠራራ ፀሐይ ወጣ። አባዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው «የእኛ ሰባት ቤት ኩራዝ እንኳ አልነበረውም፤ ግቡ!» አሉ።

ማክሰኞ ሙሽራዋን ይዘው በአንተ በኩል ያልፋሉ። እማዬ የፈተለችውን ጥቁር ባና ብርድ ልብስ በመንኮራኩራቸው በር ላይ ለምልክት ሰቅዬዋለሁ፤ እሱን ስታይ እንዳትተኩስ። አንተ በግና ፍየል የማትለይ፣ ዓይንህን ታጠብ እሺ?

ሰላምታዬ እንደ መንዝ ብርድ አጥንትህ ይግባ፤ ወረቀቱም ከማክሰኞ በፊት ይድረስህ።

ታናሽህ ኃይለመስቀል