የእድሩ ተሳቢና በጠመኔ የተሰመረው በር

…መስታወቱ ውስጥ የተሳቢው ጅራት መጀመሪያ ወደ ግራ ሄደ፤ ተመለሰ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ግራ፣ በየጊዜው ከበፊቱ ትንሽ እየሰፋ። እኔ ከጎንህ ነበርኩ። እግርህን ከነዳጁ ላይ አነሳህ፤ ፍሬኑን ግን አልረገጥክም። መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝክ። ከንፈርህ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እያልክ እንደነበር…

አባዬ፣ ደብዳቤ በዚህ እንደማይጀመር አውቃለሁ። ሰላምታ ይቀድማል። ግን ሳስብህ ሁልጊዜ እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው የምጀምረው፤ ሁልጊዜም እዚያው ይቆረጥብኛል። ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሰላም ለአንተ ይሁን፤ እኛ ደህና ነን።

እማዬ አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙራዋለች። ልብስህን ሁሉ ሰጠች፤ ጃኬትህን ብቻ ዘለለችው። ኪሱ ውስጥ የጎማ ንፋስ መለኪያህ አለ፤ እኔ ስፈልገው ከዚያው አወጣለሁ፣ ስጨርስ እዚያው እመልሳለሁ። እሷ ታያለች። ቅያሳችን ኮብልስቶን ተነጥፎበታል። ፒክአፕህን አሁን የምነዳት እኔ ነኝ፤ ከ18 ማዞሪያ የእንጨት ቤቶች ቁም ሳጥንና አልጋ ተቀብዬ በየሰፈሩ አደርሳለሁ። ማርሿ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያስቸግራል።

ወደ ቁልቁለቱ ልመለስ።

ያን ቀን የእድራችንን ዕቃ ወደ ለቅሶ ቤት እየወሰድን ነበር። ድንኳኑ፣ የድንኳኑ ብረቶች፣ አግዳሚዎቹ፣ ትልልቆቹ ድስቶች፣ በርሜሎቹ፤ ሁሉም ተሳቢው ላይ። ሲሞላ ክብደቱ ከፒክአፗ አይተናነስም። ያኔ የራሱ ፍሬን አልነበረውም። ብረቶቹ ደግሞ ከኋላ ነበሩ። ለቅሶ ቤት ሲደረስ መጀመሪያ የሚወርዱት ብረቶቹ ስለሆኑ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይጫናሉ። በሰፈራችን ተሳቢ ሲጫን የኖረው እንዲህ ነው። ከክፋት አይደለም፤ ሐዘንተኛው ጥላ እንዳያጣ ከመቸኮል ነው። ግን ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ፊቱ የቀለለ ተሳቢ ደግሞ ጅራቱን ይወዘውዛል።

ቁልቁለቱ አለቀ፤ ሜዳ መጣ፤ አንድ ሱቅ ግድግዳ ጋ ልንደርስ አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን። ብረቶቹ አስፋልቱ ላይ ተበታተኑ። ማንም አልተጎዳም። ከሱቁ የወጣችው ሴትዮ «ሰው ሊቀብሩ ሄደው ሰው ሊገድሉ!» ብላ ጮኸችብን። አንተ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረግህ፤ ሌላ ድንጋይ ላይ ተቀመጥክና «ገፋን» አልክ።

ከዚያ ፍሬን ሠራህለት። ከሸምሱ በያጁ ጋር የተሳቢውን አንገት ቆርጣችሁ ቱቦ በቱቦ ውስጥ እንዲንሸራተት አደረጋችሁ። መኪናዋ ፍጥነት ስትቀንስ ተሳቢው ወደ ፊት ይገፋል፤ ያ ግፊት ራሱ የፍሬኑን ዘይት ይጨምቃል፤ ዘይቱ የተሳቢውን ጎማዎች ያስይዛል። «በገፋን መጠን ራሱን ይይዛል» ብለህ አስረዳኸኝ። ተሳቢው ከመኪናዋ ቢፈታ የራሱን የእጅ ፍሬን የሚስብ ቀጭን ሽቦም ጨመርክ። ሁለቱ ሰንሰለቶች ደግሞ ከአንገቱ ሥር ተጠላልፈው እንዲታሰሩ፤ መጋጠሚያው ቢወልቅ አንገቱ መሬት ከሚወጋ ሰንሰለቱ ላይ እንዲያርፍ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ታደሰ መጥተው አዩና «ደግሞ ተሳቢ ፍሬን ምን ያደርግለታል? ብቻውን ሊሄድ አስቧል እንዴ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተም ሳቅህ፤ ብሎኑን ማጥበቅ ግን አላቆምክም።

አንተን በሸኘንበት ቀን ያ ተሳቢ ወደ እኛ ቤት መጣ።

የጎተተው ከእኛ ሦስተኛው በር ያለው ብሩክ ነበር፣ በራሱ ትልቅ ፒክአፕ። ድንኳኑ ወርዶ ባዶውን ሊመለስ ሲል በመስኮት አየሁት። ሰንሰለቶቹ አልተጠላለፉም። ሁለቱም ቀጥ ብለው ተንጠልጥለዋል። ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ ወጣሁ፤ ተንበርክኬ ፈታሁና አጠላልፌ አሰርኳቸው። አክስቴ «ተይ አንቺ ልጅ፣ ሰው ምን ይላል?» እያለች ጎተተችኝ። ምን እንዳሉ አላውቅም። ስገባ እጄ የቅባት ሽታ ነበረው፤ እስከ ማታ አልታጠብኩትም።

ከአርባህ በኋላ ጋሽ ታደሰ ቤት ሄድኩ። እርስዎ ከፈቀዱ ተሳቢውን እኔ ልጎትት አልኳቸው። ጥቁር ልብሴን ከላይ እስከ ታች አዩት። «መጎተቱስ ይሁን፤ ወደ ኋላ ስትመልሺው አጥር ብታፈርሺ ማን ሊያጥር ነው?» አሉ። በማግስቱ የእድሩ ዕቃ ቤት ግቢ ውስጥ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ አስገባሁት። አጥሩን ዞረው አዩና «በይ ጎትቺ» አሉ።

በሦስተኛው ወር፣ ቀራንዮ መድኃኔዓለምን አልፌ ስወርድ፣ ጅራቱ ተወዘወዘ። ጥቂት ነው፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። የእድሩ ጎረምሶች ብረቶቹን በልማዳቸው ከኋላ ጭነዋቸው ነበር። እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ነበር። «አትርገጪ፣ አትርገጪ» እያልኩ ነበር፣ ለገዛ እግሬ። እግር በድንጋጤ ሰዓት ፍሬን ላይ መቆም ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ቢረግጥ መኪናዋ ትያዛለች፣ የተወዘወዘ ተሳቢ ግን ፍሬን ቢኖረውም ከኋላ ገፍቶ ወደ ጎን ያጥፋታል። ያኔ የአንተ ከንፈር ምን ይል እንደነበር ገባኝ። ጸሎት ይመስለኝ ነበር። ጸሎትም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በተጫነ ቁጥር ብረቶቹን ከፊት አድርጉ እላለሁ። እሺ ይሉኛል። ዞር ስል በልማዳቸው ይጭናሉ።

ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ቁልቁለቱ ግርጌ ያሉ አንዲት እናት አረፉ። ዕቃው ተጫነ። እንዳስተማርከኝ ከጎማው ሥር ታኮ አድርጌ የተሳቢውን አንገት ወደ ውስጥ ገፋሁት። መቋቋም ነበረበት። እንደ መሳቢያ ገባ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ የዘይቱ ጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ዘይቱ መሬት ላይ አልቋል።

አይሄድም አልኩ።

«የኔ መኪና እንኳን ይህን፣ አውቶቡስም ትጎትታለች፤ ልቀቂልኝ» አለ ብሩክ።

ትጎትታለች አልኩት። ቁልቁለቱ ላይ ማን ይይዛታል?

ጋሽ ታደሰ መጡ። «ልጄ፣ ለቀስተኛ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አንቺ ስለ ዘይት ታወሪያለሽ?» አሉኝ። ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። ያ ነው የከበደኝ። ብሩክ መኪናውን ወደ ኋላ እያስጠጋ ነበር። መጋጠሚያው ያለ ፒን አይቆለፍም፤ ስለዚህ ፒኑን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ከኋላ አንዱ «ፒኑን የት አደረገችው?» አለ፤ ሌላው «ኪሷ ገብቷል፤ ቀሚስ ፈትሹ የሚል ደንብ ደግሞ የለንም» አለ። ጥቂቶች ሳቁ። ጋሽ ታደሰ አልሳቁም።

ድንኳኑን በፒክአፗ ኋላ ጫንኩና ወረድኩ። ተመልሼ አግዳሚዎቹን። ተመልሼ ድስቶቹን። ረጃጅሞቹን ብረቶች ጎረምሶቹ በትከሻቸው ተሸክመው በእግር ወረዱ፤ ብሩክም ተሸከመ፣ እየተነጫነጨ። ድንኳኑ ዘግይቶ ቆመ። የሟቿ ልጅ ጨርቅ ራሷ ላይ ጥላ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ያንን አልረሳም። ምናልባት ያለ ፍሬንም በደህና ይደርስ ነበር፤ እኔስ እንዴት አውቃለሁ? ያልደረሰ አደጋ ለማንም አይታይም። ፀሐይ ላይ የተቀመጠች ሴት ግን ትታያለች።

ጋሽ ታደሰ ማን መጎተት እንዳለበት እሁድ ስብሰባ ላይ ይወሰናል አሉ። ተሳቢው ለብሩክ ከተሰጠ ፍሬኑን ማንም ዞር ብሎ እንደማያየው አውቅ ነበር።

ተሳቢውን ባዶውን፣ ቀስ ብዬ፣ ሸምሱ ጋ ወሰድኩት። ቱቦውን ቀየረ፤ ዘይት ሞላን፤ አየሩን አስወጣን። የፊተኛው ጥግ ዝጎ የሚበየድ ነገር ስላገኘ ውስጡን ሙሉ በሙሉ ባዶ አድርጊ አለኝ። እዚያ ጥግ ለዓመታት ተነስቶ የማያውቅ አሮጌ ሸራ ነበር። ሳነሳው፣ በግራ በኩል፣ ግድግዳው ላይ፣ በጠመኔ የተሰመረ አራት ማዕዘን። ከአጠገቡ በአንተ እጅ ጽሑፍ፦ «ብረት በዚህ»።

ሸምሱ ገብቶ ከኋላዬ ቆመ። «አላህ ይማረውና፣ ሐኪም ቤት ሊገባ ባለው ሳምንት ነው ያሰመረው። በር ነው። ብረቶቹ ከፊት ይጫኑ፣ ግን ቀድመው ይውረዱ ብሎ። ሲመለስ እንቆርጠዋለን አለኝ» አለ። ከዚያ የብየዳ መነጽሩን ፈልጎ አደረገ፣ ገና ምንም ሳይበይድ። «ስጠብቀው ነበር» አለ።

አባዬ፣ እኔ ሰዎቹን ልማዳቸውን ላስተዋቸው ስጨቃጨቅ ነበር። አንተ በር ልትሠራላቸው ነበር።

ቅዳሜ ቆረጥነው። ሸምሱ ልክ መስመሩን ተከትሎ ቆረጠ። «ብረት በዚህ» የሚለው ጽሑፍ ከመስመሩ ውጪ ስለሆነ አልተነካም። ማጠፊያና መቀርቀሪያ ሠራንለት። መጀመሪያ ሲዘጋ ድምፁ ሻካራ ነበር፤ ቅባት አደረግንለት።

እሁድ ተሳቢውን ስብሰባው ግቢ አቆምኩት። ጫኑ አልኳቸው፤ ብረቶቹን በትንሹ በር፣ ከባዱን ሁሉ ወደ ጎማው ፊት፣ ቀላሉን ወደ ኋላ። ከዚያ አውርዱ አልኳቸው። ሌላው ዕቃ ሳይነካ ብረቶቹ ቀድመው ወጡ። አንድ ሽማግሌ በሩን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ እያደረጉ «ይሄ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አሉ። እንደገና ተጫነ። የፒክአፗን ቁልፍ ለብሩክ ሰጠሁት። ጋሽ ታደሰ «እንግዲህ ብሞት ድንኳኑ አብሮኝ አለ» ብለው ኋላ ወንበር ገቡ።

እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። በዚያው ወንበር፣ በዚያው ቁልቁለት። በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። ብሩክ ፍሬኑን ነካ ሲያደርገው ደንገጥ ብሎ ዞረ። «ከኋላ የያዘኝ ሰው አለ እንዴ?» አለ።

መስታወቱን እያየሁ ነበር። ጅራቱ ቀጥ ብሎ ይከተለናል። ሜዳው ጋ፣ ሱቁ ጋ ሳንደርስ ብዙ ቀርቶን ቆምን።

ስንመለስ ጋሽ ታደሰ ጉባኤው ፊት ቆሙ። ሁለት ነገር ተናገሩ። ፍሬኑ ሳይፈተሽ ተሳቢው ከግቢ አይወጣም አሉ፣ ለቅሶው የማንም ይሁን። ቀጥለው «ፒኑ እሷው ኪስ ይቆይ» አሉ። ብሩክ ሰንሰለት ማጠላለፍ አሳይቼው አሁን ከእኔ ይበልጥ ያጠብቃል። እኔ በማልኖርበት ቀን እሱ ይጎትታል።

እንዲህ ነው የማስታውስህ፣ አባዬ። በእጄ። ሰንሰለቱን ሳጠላልፍ፣ አንገቱን ገፍቼ ሲቋቋመኝ፣ መለኪያህን ከጃኬትህ ሳወጣ። ሁልጊዜ እርግጠኛ አይደለሁም፤ መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ እንደገና ወርጄ ሰንሰለቱን የምነካበት ቀን ብዙ ነው። አንዳንዴ ሦስት ጊዜ። ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። እስከምችል ድረስ እወርዳለሁ፤ እስከምችል ድረስ አልረሳህም።

ዛሬ ጠዋት የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ይህን የምጽፈው ዕቃ ቤቱ በር ላይ፣ መሪው ላይ ወረቀት ዘርግቼ ነው። ከኋላዬ እየጫኑ ነው። ብረቶቹ አንድ በአንድ ሲገቡ ይሰማኛል። ልወርድና ሰንሰለቱን ልይ። ቆይ፣ የመጨረሻው ብረት ገባ።

ትንሹ በር ተዘጋ።