ክላክስ ያላረፈባት ጎጆ

ወንድምዓለም በለጠ፤

ውሻህ ክላክስ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከእኔ ጋር ከአዋሽ ተመልሶ ሰመራ ገብቷል። ይህን ስጽፍልህ ደጃፉ ላይ ተጋድሞ፣ ዓይኑን ሳይከድን መንገዱን ያያል።

አንተስ እንዴት ሰንብተሃል? ዳሌህ እንዴት እያደረገህ ነው? ክራንቹን ትተህ በከዘራ መሄድ ጀመርክ ሲሉኝ ደስ አለኝ። የደብረ ብርሃን ብርድ ብረት የገባበትን አጥንት ያመዋል ይላሉ፤ ስንቅነሽ ጋቢውን ደርባ ታልብስህ። የእማዬ ጉልበት ተሻለው ወይ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደክሞኛል እንጂ አላመመኝም። ሙቀቱ ገና የካቲት ላይ ሆነን ጀምሮናል።

በስልክ መናገር ስችል በወረቀት የምጽፍልህ፣ እማዬ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ለቤቱ ሁሉ ስለምታሰማ ነው። ይህን ነገር መጀመሪያ ብቻህን እንድታነበው ፈለግሁ።

ነገሩ የውሻህ ነው። ሸራ ስታስር ከጭነቱ ላይ ከወደቅክ በኋላ ጓደኛህ ሣህሌ ከጋቢናህ አውርዶ ካመጣልኝ ወዲህ ክላክስ ሰላም የለውም። ይንቀጠቀጣል፤ አጠገቡ ካልተቀመጥኩ አይበላም፤ የእንጨት በሩን ከታች በጥርሱ ጨርሶታል። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ሲቆም ደግሞ ይብስበታል፤ አንገቱን ወደ ላይ አድርጎ ያላዝናል። ጨለማ የሚፈራ መስሎኝ በፀሐይ የሚሠራ መብራት ገዝቼ ሰቀልኩለት። እሱም መብራቱ ሥር ቁጭ ብሎ ማላዘኑን ቀጠለ።

አከራዬ ኑርሀያት ክፉ ሰው እንዳልሆነች ታውቃለህ። ግን ውዱ አድርጋ ለሶላት ስትወጣ ክላክስ እየተንቀጠቀጠ መጥቶ ቀሚሷ ላይ ይለጠፋል። ምራቁ የነካትን ልብስ ለውጣ፣ ታጥባ፣ እንደገና ትጀምራለች። አንድ ቀን ቀሚሷን ገመድ ላይ እያሰጣች፣ ወላሂ ወንጌላዊት አልጠላውም፣ ግን ከአላህ ጋር ስነጋገር መሃል የሚገባው ማን ብሎት ነው አለችኝ። ጂን ሳይነካው አይቀርም ብላ አዘነችለትም። በመጨረሻ ረመዳን ሳይገባ መላ ፈልጊለት አለች። ዘንድሮ የእነሱም የእኛም ጾም ባንድ ሰሞን ነው የሚገባው፤ ብዙ ጊዜ የለኝም።

የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሙቀትና ጭንቀት ነው፣ ጸጥ ያለ ነፋሻ ቦታ ወስደሽ አሳርፊው አለኝ። ሳቄ መጣ። በዚህ መዝገብ ቤት ይህን ያህል ዓመት ስሠራ እኔን እረፊ ያለኝ ሰው የለም። ቢሆንም ለፋሲካ እናንተ ዘንድ ልመጣበት ያስቀመጥኩትን ፈቃድ ጠየቅሁ። ይህን ለእማዬ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።

ከሰመራ የሚወጣ ሚኒባስ ሁሉ ውሻ አልጭንም አለ። የወሰደን ሣህሌ ነው፤ ከወደብ ጭኖ ወደ ላይ ሲያልፍ ጋቢናው ውስጥ አስገባን። ክላክስ ገና ከመግባቱ ረዳቱ እግር ሥር ተጠቅልሎ ተኛ። ረዳቱ እግሬን የት ልዘርጋ፣ ጉልበቴን ታቅፌ ልቀመጥ ወይ እያለ እስከ ገዋኔ አጉረመረመ፤ ክላክስ አንዴም ቀና አላለም። እኔም ሙቀቱ አድክሞት ነው ብዬ አለፍኩት። የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው።

ያረፍንበት ቦታ ከአዋሽ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ከሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ ነው። ማሚት የምትባል ሴት ጥቂት ሣር ክዳን ጎጆዎች ሠርታ ታከራያለች። ከአልጋ፣ ከባልዲና ከሁለት ወንበር በቀር ምንም የለውም። ከታች ወንዙ በቀጭኑ ይሰማል፤ ሌላ ድምፅ የለም። ማሚት ገና ስታየን፣ አንቺ ነሽ እሱን ያመጣሽው ወይስ እሱ ነው አንቺን ያመጣሽ ብላ ሳቀችብኝ።

ክላክስ አልጋ ሥር ገባና አልወጣ አለ። ከግድግዳው ሣር እየመዘዘ ወለሉን ሞላው። በማግስቱ ትልቅ ዝንጀሮ መጥቶ ምሳችንን ከወንበሩ ላይ ሲያነሳ እያየ እንኳ አልጮኸም፤ ተንቀጠቀጠ እንጂ። የመኪና ክላክስ በሰማ ቁጥር አብሮ እየጮኸ ስሙን ያስወጣህ ውሻ ማለት ይህ ነው። ማሚት፣ ይሄን ጸጥታ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ነው የሚገዛው፣ አንቺ ደግሞ ከፍለሽ ቁጭ ብለሽ ታድሪበታለሽ ብላ ተቆጣችኝ። ሥጋ ቢያምረው ነው፣ ከተማ ወርደሽ ግዢለት አለች።

ወረድኩ። ሥጋ ቤቱ ጋ ሳልደርስ ክላክስ ገመዱን እየጎተተ ከባድ መኪኖች ወደሚቆሙበት ሜዳ ወሰደኝ። አንድ ተሳቢ ሞተሩ እንደተነሳ ቆሟል። ክላክስ ከጎማዎቹ አጠገብ ተጋደመ፤ አገጩን እግሩ ላይ አሳርፎ ተኛ። በለጠ፣ አሳመምኩት ወይ ብዬ ፈርቼ ሆዱን ዳበስኩት፤ በእርጋታ ይተነፍሳል። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ እህቴ ውሻሽን አንሺ ልንቀሳቀስ ነው አለኝ። ትንሽ ይተኛ ብዬ ለመንኩት። ሰው መሰለሽ እንዴ የምጠብቀው ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወርዶ አየው። ይሄማ የመንገድ ልጅ ነው፣ ሻይ ጠጥቼ እስክመጣ ይተኛ፣ ሞተሩን አላጠፋም ብሎ ሄደ። ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ የናፍጣ ጭስ እየሸተተኝ ጠበቅሁት። ከፈቃዴ ሁሉ ያረፍኩት ያቺን ሰዓት ነው።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ክላክስ ከቡችላነቱ ጀምሮ ጋቢና ውስጥ ስላደገ፣ ሞተር ሲጠፋ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ አንተ ልትወርድ ነው። ድንበሩን ስለማያሻግሩት ዲቾቶ ሻይ ቤቷ ጋ ስትተወው ሞተር ይጠፋል፤ ጭነት ስታራግፍ ይጠፋል። ግን ሁልጊዜ ተመልሰህ ታስነሳለታለህ። ሸራ ስታስር የወደቅክ ዕለትም ጠፍቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን አልተመለስክለትም። እኔ ደግሞ ጸጥታ መድኃኒት ነው ብዬ፣ ከዚህ የባሰ ጸጥታ ያለበት ገደል አፋፍ ወሰድኩት።

ስንመለስም የወሰደን ሣህሌ ነው፤ ባዶውን ወደ ወደብ ሲወርድ ከአዋሽ አነሳን። ክላክስ እንደ በፊቱ ተኛ። ሣህሌ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ ስጪኝ እኔ ልያዘው አለኝ። ቀጥሎ ግን፣ ዛሬ ወስጄ ከለመድኩት በኋላ ነገ መልስ ከተባልኩ አልችልም፣ የእኔም ሆድ የሰው ሆድ ነው፣ ከሰጠሽኝ ለዘለቄታው ነው አለ። መጀመሪያ አንተን መጠየቅ እንዳለብኝ ነገርኩት። ውሻው የእኔ አይደለም።

እስክመለስ ያዥልኝ ያልከኝን አልረሳሁም። ስንቅነሽ የሐኪሙ ቀጠሮ የመጪው ወር መሆኑን ነግራኛለች፤ ስለ መንዳት ምንም እንዳልጠየቅኸውም ነግራኛለች። እኔም አልጠይቅህም። ክላክስን ለሣህሌ ብንሰጥ፣ በለጠ ከእንግዲህ መሪ አይዝም አልን ማለት አይደለም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ እንጂ አንተ ስታነበው እንደዚያ እንደሚሰማህ አውቃለሁ፤ ቃል መርጬ ልለውጠው ሞክሬ አልሆነልኝም። ወደ እናንተ ላመጣውም አስቤ ነበር። የእማዬ ግቢ ግን ከማሚት ጎጆ የባሰ ጸጥ ያለ ነው። እኔም ጋ ቢቆይ ሌላ ቤት መፈለግ አለብኝ፤ ውሻ ያለበትን ተከራይ የሚቀበል እስካሁን አላገኘሁም። ቆይ ካልክ ግን መፈለጌን እቀጥላለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያታለሁ በልልኝ፤ መድኃኒቷን ተሻለኝ ብላ እንዳታቋርጥ። ስንቅነሽን እግዚአብሔር ያበርታሽ በላት፤ የእሷም ድካም ከእኔ እንደማያንስ አውቃለሁ። እንድሪያስ ትምህርቱ ላይ ይበርታ። ኩኩ የክላክስን ፎቶ ላኪልኝ ብላ ነበር፤ ከመኪናው አጠገብ ተኝቶ ያነሳሁትን ከደብዳቤው ጋር አድርጌዋለሁ። ጎረቤታችንን ጋሽ አምባዬን፣ የላኩልኝ በሶ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ።

ደብዳቤውን የቢሮአችን ልጅ ራሄል እሁድ ታደርስልሃለች። ስትደውልልኝ እማዬ ትሰማለችና ብዙ አታስረዳኝ፤ ይሂድ ወይም ይቆይ በለኝ፣ ይበቃኛል። ሣህሌ ረቡዕ ከወደብ ጭኖ በገላፊ ድንበር በኩል ይመለሳል። ደጄ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ መልስህን ይጠብቃል።

እህትህ ወንጌላዊት
ሰመራ፣ የካቲት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.