ከፈረሱ አንገት የተፈታው ቃጭል

ሀገረ ሕይወት፣ ጥር 23 ቀን 1958 ዓ.ም.

ወንድሜ ነጋሳ፣ ፍል ውሃው ጉልበቴን አሽሎታል፤ አምላክ ይመስገን።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ከተማውን ልይ ብዬ ጋሪ ተሳፈርኩ። እኔ ከባለጋሪው አጠገብ፣ ከኋላችን ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ትንሿን ልጃቸውን አቅፈው ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኛ አገር ጌዶ ወንዱ በፈረስ፣ ሴቷ በእግሯ ናት። እኔም ሚስቴን አመለሸጋን ስንት ዘመን ገበያ ድረስ በእግሯ አስከተልኳት። አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አጠገቤ ባስቀምጣት ምን ነበር?

ባለጋሪው ቦጂያ ጥቁር ልብሴን ሲያይ ወርዶ ከፈረሱ አንገት ቃጭሉን ፈታ። «ሐዘንተኛ ይዤ እያቃጨልኩ አልሄድም» አለ። ልጅቷ ግን ቃጭሉን ካልሰማሁ ብላ አለቀሰች።

«ማን ሞቶብዎት ነው፣ ኦቦ?» አለኝ ባለጋሪው።

«ባለቤቴ። ሦስት ዓመት ሆናት።»

«ሦስት? ታዲያ ፈረሴ ምን በድሎ ቃጭሉን ያጣል?»

አፈርኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። አንተ ሐዘኑ ይብቃህ ብለህ ስንቴ ነግረኸኝ አልሰማሁም። ለካ ጥቁሩን እስከ ዛሬ ያላወለቅኩት ጥፋቴን የምክስ መስሎኝ ኖሯል። «እሰርለት» አልኩት። እስከ ወንዙ ድረስ እያቃጨለ ወሰደን፤ እኔም በልቤ ነፍሷን ይማር እያልኩ ሄድኩ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ዱሬቲንና ልጆቹን ሳምልኝ። ልጄ ዘነበወርቅን ነጩን ጋቢዬን አጥባ እንድትጠብቀኝ ንገርልኝ፤ በመጪው እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው እሱን ለብሼ ነው።

ወንድምህ ሞቱማ