ሳትወስንላት የተውካት ዓረፍተ ነገር

ውዴ መስፍን፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። እኔና ሰላም እዚያው ላንድማርክ ሰፈር ነን፤ ልጅህ አሁን መኪና ትነዳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ እየሄድክ እንግሊዝኛ ታስተምራቸው ለነበሩት አዲስ መጪዎች ሌላ ሰው ተተክቷል። ጃኬትህን ግን ከበሩ ላይ ማንሳት አቅቶኛል።

የምጽፍልህ ስለ ላታ ነው፤ ባሏ ስለሞተባት ህንዳዊት ጎረቤታችን። ሰውየው በሳንስክሪት የጻፋትን አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ፓርኩ ውስጥ በስሙ በሚቆም ወንበር ላይ ከነእንግሊዝኛ ትርጉሟ ላስቀርጽ ብላ መጥታብህ ነበር። ህንድ አገር ስትማር ሳንስክሪት አጥንተሃልና ደስ ብሎህ ተቀበልካት። «ሰው ወደ ቤት ይሄዳል» ነው የምትለው፤ ከዚያ ሌላ ቃል የላትም። ወዲያው የምትጨርሳት መስሎኝ ነበር።

አንተ ግን ተጨነቅክ። ሳንስክሪት እንደኛው «ሰው» ብሎ ዝም ይላል፤ እንግሊዝኛ ግን ዝም አያሰኝም፣ ከፊቱ «ኤ» ወይም «ዘ» ጨምር ይላል አልከኝ። «ኤ ማን» ካልኩ ማንነቱ የማይታወቅ አንድ ሰው ይሆናል፤ «ዘ ማን» ካልኩ ያ የምናውቀው ሰውዬ፣ ባሏ ራሱ ነው፤ ሁለቱንም ከተውኩ ደግሞ የሰው ልጅ ሁሉ ነው አልክ። ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሁላችን ብለህ ላታን ጠየቅካት። «አልነገረኝም» አለችህ። ትንሽ ላስብበት ብለህ አቆየሃት። በዚያው ሳምንት ልብህ ቆመ።

ላታ ለቅሶ ስትመጣ ምንም አላነሳችም። ከወራት በኋላ ግን ወንበሩን የሚሠሩት ሰዎች ጽሑፉን አምጪ እያሉ ኮል ሲያደርጉባት በሬን አንኳኳች።

«መስፍን የትኛውን መረጠ?» አለችኝ።

ሳትወስን መሄድህን ነገርኳት። ሰላም በእንግሊዝኛ፣ ዝም ብለሽ አንዱን ምረጪ ትለኛለች። እንዴት ልምረጥ? የጻፈው የሷ ባል፣ መተርጎም የሚችለው የኔ ባል፤ ሁለቱም የሉም። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አለቀስን።

በመጨረሻ ላታ «ዘ ማን» ብላ አስቀረጸች። ሄጄ አየሁት። ወንበሩ ላይ የተቀመጡ ባልና ሚስት አንብበው፣ ሰውየው ማን ይሆን ተባባሉ። ልክ ትሁን ትሳሳት አላውቅም፤ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

አሁን ደግሞ ሰላም ስለ አንተ ትጠይቀኛለች፤ ለምን ያን ቋንቋ እንደመረጥክ፣ ህንድ ሳለህ ከማን ጋር ትውል እንደነበር። ብዙውን ሳልጠይቅህ ሄድክ። የማውቀውን እነግራታለሁ፤ ያንን በሕይወት እስካለሁ አልረሳም። ከራሴ ግን አልጨምርብህም።

ያንተዋ አልማዝ