ለአንድ ውዳሴ ማርያም መንገድ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ስለ ተጻፈባት ልጄ

ቀን፦ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወይራ በር ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወይራ በር

ጉዳዩ፦ ልጄ እየሩስ ወልደ ሩፋኤል ከሰባተኛ ክፍል መዝገብ የተሰረዘችበት ውሳኔ እንዲሻር ስለ መጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ ጤና ይስጥልኝ።

እኔ አመልካች ወ/ሮ ሐመልማል ቢራራ በከተማችን የቀጋ ሜዳ ሠፈር ነዋሪ ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ መስከረም 9 ቀን በጻፈው ደብዳቤ ልጄን «ከትምህርት ቤቱ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ርቃ የምትኖር በመሆኗ» ብሎ ከቁጥር ሁለት ትምህርት ቤት መዝገብ ሰርዟታል። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር! ከእኔ በር ተነሥቶ ይህን ያህል የተጓዘ ሰው እኮ ወይራ በርን ከኋላው ትቶ ወደ ደባርቅ ይገሰግሳል። ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምቼ ሁለት ሳምንት አቤቱታ ሳላስገባ ዝም ብዬ ከረምኩ፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘብኝ። ስለዚህ የሆነውን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ወይራ በር ለምን እንደ መጣን አስቀድሞ ይታወቅልኝ። ባለቤቴ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በጃናሞራ በኩል ባለች የገጠር ደብር ያገለግላሉ፤ የቆሎ ተማሪም ያስተምራሉ። ታላቂቱ ልጄ ስጦታ የተማረችው እዚያው ነው። ትምህርት ቤቱ ገደል ተወርዶ ዳገት ተወጥቶ ስለሚገኝ የሁለት ሰዓት መንገድ ሄዳ የሁለት ሰዓት መንገድ ትመለስ ነበር። አራተኛ ክፍል ስትደርስ መንገዱ አሸነፋት። ቤት ዋለች፤ ቤት የዋለች ልጅ ደግሞ ጠያቂ አታጣም፤ በልጅነቷ ዳርናት። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፣ በሌላ ሰው አላሳብብም። ዛሬ ልጇን አዝላ ልትጠይቀን ስትመጣ የእህቷን ደብተር አንሥታ አንድ በአንድ ትገልጣለች። ያን ጊዜ ፊቷን ቀና ብዬ ማየት ያቅተኛል። እየሩስ ላይ ይህ እንዳይደገም ምዬ ነው ከአገሬ የተነሣሁት።

2. ሠፈር የመረጥኩትም እንዲያው በጭፍን አይደለም። ደባርቅን አየሁ። ትምህርት ቤቱ መልካም ነው፤ ያገኘነው ቤት ግን በከተማው ወዲያኛው ጫፍ ሆነብን፣ ብርዱስ ቢሆን ለማን ይነገራል! ዳባትንም አየሁ። እዚያ የምናርፈው ከከተማው ወጣ ብሎ ከዘመድ ቤት ስለ ነበር ልጂቱ በየማለዳው አስፋልት ዳር ቆማ ሚኒባስ ልትለምን ነው፤ ሚኒባስ ደግሞ በገበያ ቀን ከተማሪ ይልቅ ከረጢት ይወዳል። መሪጌታም ከዳባት ተነሥተው ደብራቸው ሲደርሱ ቅዳሴው ያልቅባቸዋል። ወይራ በር ሲሆን እርሳቸው በግማሽ ቀን የእግር መንገድ ይደርሳሉ፣ እሑድ እሑድም ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ይመጣሉ።

ስለ ትምህርት ቤቱም ማንንም አልጠየቅሁም። የትምህርት ቤት ደግነት የሚታወቀው በገበያ ቀን ነውና ሦስት ማክሰኞ እየመጣሁ ከቁጥር ሁለት አጥር ጥግ ቆምኩ። ገበያው እየጮኸ መምህራኑ ከክፍል አልወጡም። አንድ ተማሪ እንኳ በግ ሊሸጥ ሾልኮ ሲሄድ አላየሁም። በቃ፣ ልጄ የምትማረው እዚህ ነው አልኩ።

3. አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ፤ ግማሹ የእኛ ነው፣ አልደብቅም። በምዝገባው ቅጽ ላይ «ከመኖሪያ ቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው ርቀት» የሚል ክፍት ቦታ አለ። የሞሉት መሪጌታ ናቸው። እርሳቸው በዕድሜ ልካቸው መንገድን በኪሎ ሜትር ለክተው አያውቁም፤ በንባብ ነው። በአገራችን ምንጩ ሦስት አቡነ ዘበሰማያት ነበር፣ ወፍጮው ደግሞ አንድ መልክአ ኢየሱስ። እዚህም ገና እንደ ገባን ከደጃችን ተነሥተው እየደገሙ ሄዱ፤ ከሰኞው ክፍል የጀመሩት ውዳሴ ማርያም የእሑዱ ክፍል ሲያልቅ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረሱ። መጥተውም ያለ አንዳች ማመንታት «አንድ ውዳሴ ማርያም» ብለው ጻፉ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ምንም ስሕተት አልታየኝም።

4. ቅጹን የተቀበሉት የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛ አቶ ያርጋል ናቸው። ይህ ምንድን ነው ብለው ቢመልሱልን ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ኪሎ ሜትር ለወጡት! እንዴት ለወጡት ብዬ ስጠይቃቸው በኩራት ነገሩኝ፤ በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ነበርና አንዱን ውዳሴ ማርያም ለመዝለቅ ሁለት ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር፤ ሰው በሁለት ሰዓት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር።

ክቡር ሆይ፣ አቶ ያርጋል የተማሩት ግዕዝ ንባብ ነው፤ ጀማሪ ልጅ ፊደሉን እየለቀመ የሚጎተትበት ንባብ። ከዚያ ሳያልፉ ወደ ዘመናዊው ትምህርት እንደ ገቡ ራሳቸው ነግረውኛል፣ አልነቅፋቸውም። መሪጌታ የደገሙት ግን በቃላቸው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ አፋቸው በለመደው፣ ሳይቆራረጥ በሚፈስሰው በቁም ንባብ ነው። አርባ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ጎረቤታችን አቶ ኪዳነ ማርያም በስልካቸው ለክተውልኝ መንገዱ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ሆኖ ተገኝቷል። የጽሕፈት ቤትዎ መመሪያ እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል። እንግዲህ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ አቶ ያርጋል በልጅነታቸው ንባብ ስለ ዘገየባቸው የእኔ ልጅ ከትምህርት ትቅር?

5. ይባስ ብሎ ደብዳቤው እየሩስን ወደ ሸንበቆ ውሃ ትምህርት ቤት መድቧታል። ሄጄ አየሁት። ትምህርት ቤቱ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያልቃል። ልጄ ሰባተኛ ናት! ይህን ለአቶ ያርጋል ስነግራቸው በሚመጣው ዓመት ሰባተኛ ይከፈታል፣ እስከዚያ ታገሡ አሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ስጦታንም እስከሚመጣው ዓመት ብለን ነበር ቤት ያዋልናት። አንዲት ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ሽማግሌ እንደሚላክባት እርስዎም የአገር ልጅ ነዎት፣ ያውቁታል። ለእየሩስ ሁለት ጊዜ ተልኮብኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ተማሪ ናት ብዬ ነው የመለስኩት። ለሦስተኛው ምን ብዬ ልመልስ?

6. አንድ ነገር ሳልደብቅ ላስታውቅ። እየሩስ ከትምህርት አልቀረችም። ደብዳቤው ከደረሰን ቀን ጀምሮ በየማለዳው እኔ ራሴ ወስጄ ክፍል አስገባታለሁ። ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች፤ ስም ሲጠራ ስሟ አይጠራም፤ እርሷ ግን በልቧ አቤት እንደምትል ነግራኛለች። መምህሩ አይቶ እንዳላየ ያልፋታል። ስሙን አልጠቅስም፣ እንዳትቀጡብኝ። የሚቀጣ ካለ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ነገም አስገባታለሁ። ዘበኛው በሩን ከዘጋው በሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ወይራ በር ሁሉ በዚያ በር ያልፋል፣ ለምን እንደ ተቀመጥኩ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።

ስለሆነም፦

ሀ) የመስከረም 9ኙ ደብዳቤ ተሽሮ የልጄ ስም ወደ መዝገቡ እንዲመለስ፤

ለ) የአቶ ኪዳነ ማርያም ስልክ ካልታመነ፣ ሰኞ መስከረም 26 ቀን ጧት በአንድ ሰዓት እርስዎ ወይም አቶ ያርጋል ከቤቴ ደጅ ተነሥታችሁ ከልጄ ጋር በእግር እንድትሄዱ እጠይቃለሁ። በመኪና አይሆንም። መኪናው በባሕር ዛፉ ደን በኩል በረጅሙ ዞሮ ነው የሚሄደው፤ ልጄ መኪና የላትም። በእግር መንገዱ ላይ ባለችው ወንዝ መሻገሪያ ድንጋይ ደርድረናል፣ ጫማችሁ አይርስም። ለአቶ ያርጋልም ቂም የለኝም፤ ቁርስ አብስዬ እጠብቃቸዋለሁ።

ሌላ የምጠይቀው የለም። ወደ ገጠር አልመለስም። ሠፈርም አልለውጥም፤ በእግሬ ዞሬ፣ በዓይኔ አይቼ የመረጥኩት ነው። ለቀበሌም ለዞንም ለክልልም ይኸንኑ እላለሁ።

በመጨረሻ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ ደጅ ጥላ ዘርግቶ የሚጽፈው ማመልከቻ ጸሐፊ አስቀድሞ ጽፎልኝ ነበር። ሲያነብልኝ «እግርዎ ሥር ወድቄ እማጸናለሁ» የሚል ሰማሁ። እኔ አልወደቅሁም፤ ቀድጄ መለስኩለት። መሪጌታ ደብራቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ፊደል አልቆጠርኩም። ስለዚህ ይህን አቤቱታ እኔ እየተናገርኩ የጻፈችው መዝገባችሁ የሰረዛት እየሩስ ናት። ስለ እህቷ የተናገርኩትንም፣ ስለ ሽማግሌዎቹም፣ አንዲት ቃል ሳታስቀር ጽፋዋለች፤ እጇ ግን ሁለት ጊዜ ቆሞ ነበር። ከጽሑፉ ስሕተት ካገኙ አይቆጧት። ሰባተኛ ክፍል ትማረዋለች።

ከአክብሮትና ከእግዜር ሰላምታ ጋር

አመልካች፦ ሐመልማል ቢራራ (የጣት አሻራ)
ጸሐፊ፦ እየሩስ ወልደ ሩፋኤል (ፊርማ)