«የኋላ ማርሽ» ክፍል ሦስት ላይ ያለኝ ቅሬታ

ጋምቤላ
ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄም ለደራሲዋም ለመቅዲ፤

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዝናቡ ገብቷል፤ ባሮ እየሞላ ነው፤ ሙቀቱም ትንሽ ጋብ ብሎልናል።

በዊዩዋል እጅ የላክሽው የድራማሽ ፍላሽ ደርሶኛል። «እንደ እናት ሳይሆን እንደ ተመልካች አስተያየት ስጪኝ» ብለሻል። ሠላሳ አራት ዓመት የልጆች ድርሰት ያረመች ሴት እንዲህ ስትባል ምን እንደሚከተል ማወቅ ነበረብሽ። የእኔ ቴሌቪዥን ፍላሽ ስለማይቀበል ትናንት እሑድ ከሰዓት ጎረቤታችን ዘሃራ በእሷ ቴሌቪዥን እንድናይ ሱቋን ዘጋች። ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ሄድኩ፤ ዊዩዋልም መጣ፤ ሦስቱንም ክፍል በአንድ መቀመጫ ጨረስናቸው።

ልጅቷ ባጃጇን በኋላ ማርሽ በነዳች ቁጥር ያለፈ ዘመን ውስጥ መግባቷ ግሩም ሐሳብ ነው። ዘሃራ «እኔንም ሳላገባ በፊት ታድርሰኝ፤ ሂሳቡን እጥፍ እከፍላለሁ» አለች። ግን ልጄ፣ በ1985 ጋምቤላ ላይ ባጃጅ ሲመጣ ሰው ዝም ብሎ ይሳፈራል? ይህን የያዘብሽ ዊዩዋል ነው። ያ የድሮ ተማሪዬ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ ሥራ ይዞ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ እኔን ግን አሁንም ቲቸር ነው የሚለኝ።

«ቲቸር፣ ያኔ እኮ እኔ ልጅ ነበርኩ፤ መኪና ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ይሮጣል። ይሄ ባለ ሦስት እግር ቢመጣ፣ እኔ ዛፍ ላይ ነኝ!»

ለክፍል አንድ ሰባት ከአሥር።

ክፍል ሁለት ላይ ወሩ ሐምሌ ነው ትያለሽ፤ ከኋላ የሚታየው ባሮ ግን አሸዋው ወጥቶ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በበጋ እንደቀረጻችሁት የማያውቅ የለም። ያ ጎረምሳ ደግሞ ጃኬት ለብሶ ላብ እንኳ ጠብ አይለውም። እዚህ አገር! ገበያ ላይ የሁለቱ ሴቶች ጠብ ግን ጨዋታው ልዩ ነው። ዘሃራ እንባዋ እስኪፈስ ስቃ «ይቺ አንደኛዋ እኔ ነኝ» አለች። እሷ ናት አይደል? ስምንት ሰጥቼሻለሁ።

ክፍል ሦስት ላይ ልጅቷ አባቷ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ትደርሳለች። በሩን ታንኳኳለች። አባትየው ድምፅዋን ይሰማል፤ አይከፍትም።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ዊዩዋልም አቀረቀረ። ዘሃራ ብድግ ብላ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

«ወላሂ ውሸት ነው! የመቅዲ አባት ጋሽ ደሞዝ እንዲህ አልነበረም!»

«ድራማ እኮ ነው» አልኳት።

«ድራማም ይሁን! ልጅሽ ግን እንዲህ ነው የምታስበው።»

ከዚያ የነገረችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልሽ፤ እኔም የሰማሁት ገና ትናንት ነው።

የሕክምና ትምህርቱን በሦስተኛ ዓመትሽ ትተሽ ጽሑፍ ስትጀምሪ አባትሽ «ከእንግዲህ በስሜ አትጠሪ» ማለቱን አንረሳውም። የሬዲዮ ድራማሽ የጀመረ ሰሞን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን «ባትሪ ልግዛ» እያለ ይወጣ ነበር። ቤታችን ውስጥ ይህን ያህል ባትሪ የሚበላ ምን ነበረ? አልጠየቅኩትም። ለካ ዘሃራ ሱቅ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጦ የአንቺን ድራማ ይሰማ ኖሯል፤ እስኪሞት ድረስ አንድም ቅዳሜ አልቀረም። አንድ ቀን በድራማው ውስጥ ለደም ግፊት የማይሆን መድኃኒት ታዘዘ አሉ። አባትሽ ተነሥቶ ሬዲዮኑን ተቆጣው፦ «ኧረ ሰውየውን ልትገድለው ነው! ሦስት ዓመት ሙሉ ምንድን ነው የተማረችው?» የጤና መኮንን ነገር!

መጨረሻ ላይ ስምሽ ሊነበብ ሲል ግን ገበያተኛውን ሁሉ ዝም ያሰኛል። «ደራሲ፣ መቅደላዊት ደሞዝ» ሲባል ሳሙና ሊገዛ ወደመጣው ሰው ዞር ብሎ «የእኔ ናት» ይላል። ዘሃራን «ለፀዳለ እንዳትነግሪ፤ ትስቅብኛለች» ብሎ አስምሏታል። አባትሽ ካረፈም በኋላ እነሆ ሦስት ዓመት መሐላዋን ጠብቃ ኖረች፤ ትናንት ያፈረሰችው በአንቺ ተናድዳ ነው።

ብስቅበትስ ምን ነበረበት! ትናንት ሳቅኩለት። ስቄ ስቄ አላቆም ብል ዘሃራ ውኃ አመጣችልኝ።

ስለዚህ ክፍል ሦስትን አላረምኩትም፤ ነጥብም አልሰጠሁትም። በሩ ይከፈት አልልሽም፤ ደራሲዋ አንቺ ነሽ። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ልጅቷ በር ስታንኳኳ እናትየዋ ጓዳ ሆና ወጥ ታማስላለች፤ አንድ ቃል አትተነፍስም። ያኔ ደውለሽ «አባዬን አገናኚኝ» ባልሽ ቁጥር ግን ከዚያው ጓዳ «ቆዪ፣ ይብረድለት» የሚልሽ ሰው ነበረ። ለሰላም ብሎ ነው። ሰላምም አልነበረም። ይህን ረስተሽው የተውሽው አይመስለኝም። ለእናትየዋ አትዘኚላት ልጄ፤ ያለችውን ጻፊው። ተዋናይዋ ጎበዝ ናት፤ ትችለዋለች።

ብዕርሽ አይንጠፍ፤ የምትጽፊበት እጅሽ አይዛል፤ መድኃኔዓለም መንገድሽን ያቅናልሽ። ዘሃራ «አላህ ከፍ ያድርጋት፤ ግን ተናድጄባታለሁ በያት» ብላለች።

እናትሽ ፀዳለ